ዘፈናቸው ሲነሣ ስማቸው የማይነሣ፦ የካንትሪ ሙዚቃ የተዘነጉ ጠቢባን

የሙዚቃ ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚጻፈው በመድረክ ላይ ቆመው ጭብጨባ በተቀበሉ፣ ሸክላ ባስቀረጹና ስማቸው በመዝገብ በሰፈረ ሰዎች ዙሪያ ነው። ይሁን እንጂ አንድ ሕዝብ በአዝመራው፣ በሠርጉና በኀዘኑ ጊዜ የሚያንጎራጉረው ዜማ ከመዝገብ የቀደመ ነው። ይህን ዜማ ከአባት ወደ ልጅ፣ ከጎረቤት ወደ ጎረቤት ያሻገሩት ባለሙያዎች አብዛኞቹ ድምፃቸው ሳይቀረጽ፣ ሥራቸው ተገቢው ዋጋ ሳይከፈልበት፣ ስማቸውም ከመንደራቸው ሳይወጣ አልፈዋል። ዘፈናቸው ሲነሣ ስማቸው የማይነሣው በዚህ ምክንያት ነው።

በአሜሪካ «ካንትሪ» የሚባለው የባላገር ሙዚቃ ታሪክ ለዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ ይሆናል። ሙዚቃው ለኢትዮጵያ አድማጭም ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። የኬኒ ሮጀርስንና የዶሊ ፓርተንን ዘፈኖች የሚወድ አድማጭ በአዲስ አበባ አይታጣም። ከዚያም አስቀድሞ በአሥመራ በነበረውና በ1977 በተዘጋው የአሜሪካ የቃኘው ጦር ሠፈር ራዲዮ አማካይነት የአሜሪካ ዘፈን በአካባቢው ይሰማ ነበር። ሆኖም ይህ ሙዚቃ ሲታሰብ በአድማጩ ዓይነ ኅሊና የሚመጣው ሰፊ ባርኔጣ የደፋ፣ ጊታሩን በትከሻው ያንጠለጠለ ነጭ ከብት ጠባቂ ነው። ከዚህ ሥዕል በስተጀርባ የጥቁር አሜሪካውያን ባለሙያዎች ረጅም ድካም እንዳለ የሚያውቀው ጥቂት ነው። የእነዚህ ባለሙያዎች ታሪክ የችሎታ ታሪክ ብቻ ሳይሆን፣ ችሎታ እንዴት እንደሚወደድና ባለቤቱ እንዴት እንደሚረሳ የሚያሳይ ታሪክም ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የባንጆ ትውልድ

የካንትሪ ሙዚቃ ዋና ምልክት ከሆኑት መሣሪያዎች አንዱ ባንጆ ነው። ባንጆ የአሜሪካ ነጭ ባላገሮች መሣሪያ ተደርጎ ለብዙ ዘመን ሲቆጠር ቢቆይም፣ የዘር ሐረጉ የሚመዘዘው ከምዕራብ አፍሪካ ነው። በሴኔጋልና በጋምቢያ አካባቢ የሚኖረው የጆላ ሕዝብ «አኮንቲንግ» የሚለው ባለ ሦስት ክር መሣሪያ አለው። ገላው ቅል ሲሆን፣ በቅሉ አፍ ላይ ቆዳ ይወጠርበታል። የጋምቢያው ተመራማሪ ዳንኤል ላሙዋሁማ ጃታ ይህን መሣሪያ አጥንቶ ከባንጆ ጋር ያለውን ዝምድና ካሳየ ወዲህ፣ ጉዳዩ የብዙ ሊቃውንትን ትኩረት ስቧል። በቆዳ የተወጠረውን የማሲንቆ ገላ የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ አንባቢ፣ በቅልና በቆዳ የተሠራ መሣሪያ ምን ዓይነት ድምፅ እንደሚሰጥ ለመገመት አይቸገርም።

በባርነት ተይዘው ባሕር የተሻገሩት አፍሪካውያን መሣሪያቸውን በእጃቸው ይዘው ሊሄዱ አልቻሉም። አሠራሩን ግን በአእምሯቸው ይዘው ሄዱ። ሐኪሙ ሐንስ ስሎን ከ1687 እስከ 1689 በጃማይካ ደሴት በቆየበት ጊዜ በባርነት የነበሩ ሰዎች ሲጫወቱበት ያየውን ከቅል የተሠራ ባለ ክር መሣሪያ በ1707 ባሳተመው መጽሐፍ ከነሥዕሉ አቅርቧል። ይህም የባንጆ ቀደምት ከሆኑት ማስረጃዎች አንዱ ነው።

በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ የቨርጂንያ ተወላጅ የሆነው ጆኤል ስዊኒና መሰሎቹ የባንጆን አጨዋወት ከጥቁሮች ተማሩ። ከ1840ዎቹ ጀምሮ ደግሞ ነጭ ተጫዋቾች ፊታቸውን ጥላሸት ቀብተው ጥቁሩን እያስመሰሉ የሚያላግጡበት የመድረክ ትርዒት በመላ አሜሪካ ተስፋፋ። እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ተቃርኖ ይታያል። የጥቁሩ መሣሪያና ዜማ በየከተማው አዳራሽ ገንዘብ ሲያስገባ፣ ባለቤቱ ራሱ ግን መሣለቂያ ሆኖ ቀረበ። ባንጆ የውርደት ምልክት እየሆነ ሲሄድ ከጥቁሮች መካከል ብዙዎቹ መሣሪያውን እየተዉት ሄዱ። በዚህ ዓይነት ውርሱ ከወራሹ እጅ እንዲወጣ ሆነ።

ሸክላው ያሰመረው ድንበር

በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በአሜሪካ የደቡብ ግዛቶች የገጠር ሙዚቃ በአብዛኛው የጋራ ነበር። ጥቁሩም ሆነ ነጩ ባላገር በአንድ ዓይነት ቫዮሊን፣ በአንድ ዓይነት ባንጆ አንድ ዓይነት የጭፈራ ዜማ ይጫወት ነበር። በሕግ የተደነገገው የዘር መለያየት የመቀመጫውንና የትምህርት ቤቱን በር ሊዘጋ ቻለ እንጂ ዜማን በአጥር ለማገድ አልቻለም። ይህን ድንበር ያበጀው የሸክላ ንግድ ነው።

በ1920 ሜሚ ስሚዝ የተባለችው ጥቁር ድምፃዊት ያስቀረጸችው የብሉዝ ሸክላ እጅግ ተሸጠ። ነጋዴዎቹም ጥቁሩ ሕዝብ ገንዘብ ከፍሎ ሸክላ የሚገዛ መሆኑን ተረዱ። በ1923 ደግሞ ራልፍ ፒር የተባለው የኦኬ ኩባንያ ሰው በአትላንታ ከተማ የቫዮሊን ተጫዋቹን የጆን ካርሰንን ሙዚቃ ባስቀረጸ ጊዜ የነጭ ባላገሩም ገበያ ተከፈተ። ከዚህ በኋላ ኩባንያዎቹ የሽያጭ ዝርዝራቸውን ለሁለት ከፈሉት። አንደኛው ለጥቁሮች የሚሸጥ «የዘር ሸክላ»፣ ሁለተኛው ለነጮች የሚሸጥ የባላገር ሸክላ ተባለ። ጥቁር የሆነ ባለሙያ ብሉዝ ካልተጫወተ፣ ለየትኛው ዝርዝር እንደሚመደብ ስለማይታወቅ ብዙውን ጊዜ ሳይቀረጽ ይመለስ ነበር። የጥቁር ባላገሮች የቫዮሊንና የባንጆ ጓዶች በየመንደሩ ሞልተው ሳለ በሸክላ ላይ እጅግ ጥቂት ሆነው የተገኙት በዚህ ምክንያት ነው። የኋላው ዘመን ሰው ሸክላውን ብቻ አይቶ ሲፈርድ «ጥቁሮች ካንትሪ አልተጫወቱም» ወደሚል ስሕተት ደረሰ። የገበያው ክፍፍል የታሪክ ማስረጃ ተደርጎ ተወሰደ ማለት ነው።

አንዳንድ ጊዜ ድንበሩ በጓዳ በር ይጣስ ነበር። በ1930 የካንትሪ ሙዚቃ አባት የሚባለው ጂሚ ሮጀርስ በሎስ አንጀለስ ሸክላ ሲያስቀርጽ በመለከት ያጀበው ሉዊስ አርምስትሮንግ፣ በፒያኖ ያጀበችውም የአርምስትሮንግ ባለቤት ሊል ነበረች። ነገር ግን በሸክላው ላይ የሁለቱም ስም አልተጻፈም። እንደ አርምስትሮንግ ያለ የታወቀ ሰው ስሙ ካልተጻፈለት፣ በመንደር የቀረው ባለሙያ ዕጣ ምን እንደነበረ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ባቡሩን በእስትንፋሱ ያስጮኸ ሰው

ከእነዚህ ባለሙያዎች መካከል ታሪኩ ከሁሉ ይልቅ ግልጽ ሆኖ የተገኘው ዲፎርድ ቤይሊ ነው። ቤይሊ በዲሴምበር 1899 በቴነሲ ግዛት በስሚዝ አውራጃ ተወለደ። አያቱ በአካባቢው የታወቀ የቫዮሊን ተጫዋች ነበር። ሕፃኑ ሦስት ዓመት ሲሞላው የልጅነት ልምሻ ያዘውና አንድ ዓመት ያህል በአልጋ ላይ ዋለ። ከሕመሙ ቢድንም ቁመቱ ሳይረዝም፣ ጀርባውም ጎብጦ ቀረ። በአልጋ ላይ ሳለ መጫወቻ እንዲሆነው የተሰጠው ሃርሞኒካ የዕድሜ ልክ ባልንጀራው ሆነ። ተኝቶ የሚሰማውን ሁሉ፣ የውሻውን ጩኸት፣ የዶሮውን ድምፅ፣ በሩቅ የሚያልፈውን ባቡር በትንሿ መሣሪያ መልሶ ማሰማት ተለማመደ።

በተለይ የባቡር ድምፅ ዋና ጥበቡ ሆነ። ባቡሩ ከጣቢያ ሲነሣ በዝግታ የሚተነፍሰውን፣ ፍጥነት ሲጨምር መንኮራኩሩ በሐዲዱ ላይ የሚመታውን፣ ፉጨቱ ቀርቦ ሲያልፍና ሲርቅ የሚለወጠውን ቃና፣ ሁሉንም በእስትንፋሱና በምላሱ ብቻ ያወጣው ነበር። ከሲንሲናቲ እስከ ኒው ኦርሊንስ በሚመላለሰው «ፓን አሜሪካን» በተባለው ባቡር ስም የሰየመው ዜማው የዚህ ጥበብ ከፍተኛ ውጤት ነው። ይህ ችሎታ ጆሮን የማሠልጠን፣ ትንፋሽን የመቆጣጠርና ዓመታት የፈጀ ልምምድ ፍሬ እንጂ እንዲያው የተፈጥሮ ስጦታ ብቻ አልነበረም።

ቤይሊ ወደ ናሽቪል ከተማ ገብቶ በልዩ ልዩ የጉልበት ሥራ ሲተዳደር፣ አንድ የመድን ኩባንያ በ1925 ደብልዩ ኤስ ኤም የተባለውን የራዲዮ ጣቢያ አቋቋመ። ጣቢያው በዚያው ዓመት ኅዳር ማብቂያ ገደማ የቅዳሜ ማታ የባላገር ሙዚቃ ዝግጅት ጀመረ። በ1926 ሐኪምና ሃርሞኒካ ተጫዋች የነበረው ዶክተር ሐምፍሪ ቤት ቤይሊን ወደ ጣቢያው ወሰደው። የዝግጅቱ መሪ ጆርጅ ሄይም ችሎታውን ባየ ጊዜ በደስታ ተቀበለው።

ዝግጅቱ ዛሬ በዓለም የታወቀበትን ስም ያገኘው ከቤይሊ ጨዋታ ጋር በተያያዘ አጋጣሚ ነው። በዲሴምበር 1927 በአንድ ቅዳሜ ማታ፣ ከኒው ዮርክ የሚተላለፈው የክላሲካል ሙዚቃ ዝግጅት እንዳበቃ ሄይ የባላገሩን ዝግጅት ተረከበ። ቀደም ሲል የቀረበው የታላላቅ ኦፔራ ሙዚቃ እንደነበር አስታውሶ፣ ከእንግዲህ የሚቀርበው ግን የባላገሩ «ግራንድ ኦል ኦፕሪ» ነው በማለት በቀልድ ተናገረ። በዚያች ምሽት የባቡሩን ዜማ የተጫወተው ቤይሊ ነበር። ለአንድ መቶ ዓመት ያህል የካንትሪ ሙዚቃ ዋና መድረክ ሆኖ የቆየው ተቋም ስያሜውን ያገኘው አንድ ጥቁር ባለሙያ በመድረኩ ላይ በነበረበት ሰዓት መሆኑ ሊሰመርበት የሚገባ እውነት ነው።

ቤይሊ እንዲያው ለዓመል ያህል ብቅ የሚል ተጫዋች አልነበረም። በ1928 ከነበሩት 52 ሳምንታት በ49ኙ ቀርቦ ተጫውቷል። በዚያን ዓመት ከእርሱ ይልቅ ደጋግሞ የቀረበ ባለሙያ አልነበረም። በዚሁ ዓመት የቪክተር ኩባንያ ሰዎች ወደ ናሽቪል መጥተው ካስቀረጹአቸው የመጀመሪያ ባለሙያዎች አንዱ ነበር። ኋላ «የሙዚቃ ከተማ» የተባለችው ናሽቪል የሸክላ ታሪኳ ሲጀመር እርሱ በቦታው ነበር ማለት ነው። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ በሕይወት ሳለ ሌላ የንግድ ሸክላ አልተቀረጸለትም።

የጣቢያው ማሠራጫ ኃይል በ1932 ወደ 50,000 ዋት ከፍ ሲል የቅዳሜው ዝግጅት በብዙ ግዛቶች ይሰማ ጀመር። ራዲዮ የሌለው ቤተሰብ በባትሪ የሚሠራ ራዲዮ ወዳለው ጎረቤት ቤት ተጉዞ ይሰበሰብ ነበር። የሳምንቱ ድካም የሚረሳው የቤይሊ ባቡር ሲመጣ ነበር። ይሁንና ከአድማጮቹ ብዙዎቹ ተጫዋቹ ጥቁር መሆኑን አያውቁም ነበር። ድምፁን በናፍቆት ይጠብቁ ነበር እንጂ ሰውየውን አያውቁትም።

ሰውየው ሲመጣ ደግሞ ሌላ ታሪክ ነበር። በ1930ዎቹ ቤይሊ ከአንክል ዴቭ ማከን፣ ከሮይ ኤከፍና ከቢል ሞንሮ ጋር በየከተማው እየዞረ ትርዒት አሳይቷል። ኤከፍና ሞንሮ በዚያን ጊዜ ገና ስማቸው እየተተከለ ያለ ወጣቶች ስለነበሩ ሕዝቡን ወደ አዳራሹ የሚስበው የቤይሊ ዝና ነበር። ሆኖም ያን አዳራሽ የሞላው ሰው በዚያው ከተማ ሆቴል ማደር፣ በምግብ ቤቱም ከባልደረቦቹ ጋር መብላት አይፈቀድለትም ነበር። እንደሚተረከው ማከን ለቤይሊ ማደሪያ ሲከለከል «አሽከሬ ስለሆነ ከእኔ ጋር ያድራል» እያለ ክፍሉን ያጋራው ነበር። ደግነቱ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን በመድረክ ላይ የባልደረቦቹ አለኝታ የነበረው ጠቢብ ማደሪያ ለማግኘት ራሱን አሽከር ማስባል ግዴታ ሆነበት።

በ1941 ነገሩ ተቋጨ። በዚያን ጊዜ በራዲዮ ጣቢያዎችና የዘፈን ደራሲዎችን መብት በሚያስከብረው በአስካፕ መካከል ስለ ክፍያ ከባድ ክርክር ተነሥቶ፣ ጣቢያዎቹ በማኅበሩ የተመዘገቡ ዜማዎች እንዳይተላለፉ አገዱ። ሕዝቡ የሚያውቃቸው የቤይሊ ዜማዎች ከታገዱት መካከል ነበሩ። በአዲስ ዜማ እንዲተካ ተጠየቀ፤ ብዙም ሳይቆይ ከሥራ ተሰናበተ። ጆርጅ ሄይ በ1945 ባሳተመው ትንሽ መጽሐፍ ቤይሊ አዲስ ዜማ ለመማር የሰነፈ እንደነበር ጻፈ፤ የቡድኑ ማስደሰቻ አድርጎም አቀረበው። ይህ አጻጻፍ ለብዙ ዘመን እንደ እውነት ተደግሟል። የአንድ ሰው 15 ዓመት የሚጠጋ አገልግሎት በአንዲት አንቀጽ ተሰርዞ፣ የንግድ ክርክሩ ጉዳት በግለሰቡ ስንፍና ተተረጎመ።

ቤይሊ ከዚያ በኋላ በናሽቪል ሊስትሮ ሆኖ ኖረ። የራሱን የጫማ መጥረጊያ ሱቅ ከፍቶ ቤተሰቡን አስተዳደረ። ለሚመጥነው ክፍያ ካልሆነ በቀር አልጫወትም በማለት የቀረቡለትን ብዙ ግብዣዎች መለሰ። በ1974 ወደ ኦፕሪው መድረክ ተመልሶ በተጫወተ ጊዜ ዕድሜው ወደ 75 ተጠግቶ ነበር። ዴቪድ ሞርተን የተባለ ወጣት ሽማግሌውን በቤቱ እየጎበኘ ጨዋታውንና ታሪኩን ባይቀርጽ ኖሮ፣ የሄይ ጽሑፍ ብቸኛው ማስረጃ ሆኖ በቀረ ነበር። ቤይሊ በ1982 ዐረፈ። ሞርተን ከቻርልስ ወልፍ ጋር ያዘጋጀው የሕይወት ታሪኩ በ1991 ታተመ። ወደ ካንትሪ ሙዚቃ የክብር አዳራሽ የገባው በ2005፣ ከሞተ ከ23 ዓመት በኋላ ነው። በእርሱ ዝና የተጠቀመው ቢል ሞንሮ እዚያው የገባው በ1970 ነበር።

ስም ያልወጣላቸው መምህራን

ቤይሊ ቢያንስ በራዲዮ ተሰምቷል። ሌሎች ግን በደቀ መዛሙርታቸው ጣት ብቻ ነው የሚሰሙት።

አርኖልድ ሹልትዝ በኬንታኪ ግዛት በ1886 የተወለደ የከሰል ማዕድን አካባቢ ሰው ነበር። ጊታርና ቫዮሊን ይጫወት ነበር። በጊታር ላይ አውራ ጣቱ ድርብ ምት እየመታ በሌሎቹ ጣቶች ዜማውን የሚያወጣበት አጨዋወት ከአንዱ ወደ ሌላው እየተሻገረ እስከ ሜርል ትራቪስ ደርሶ፣ ዛሬ በትራቪስ ስም ይጠራል። ቢል ሞንሮ ገና ልጅ ሳለ ገንዘብ ተከፍሎት የተጫወተው የመጀመሪያው ጭፈራ ከሹልትዝ ጋር እንደነበር ራሱ ተናግሯል። ሹልትዝ በ1931 ሞተ፤ አንድም ሸክላ አልተቀረጸለትም።

ሌዝሊ ሪድል በሰሜን ካሮላይና ተወለደ። በሲሚንቶ ፋብሪካ በደረሰበት አደጋ አንድ እግሩን አጣ። ከእጁም ሁለት ጣቶች በጥይት አደጋ ተቆርጠውበት ስለነበር በቀሩት ጣቶች የሚጫወትበትን ዘዴ ለራሱ ፈጠረ። በ1928 ኤ. ፒ. ካርተርን ተዋወቀ። የካርተር ቤተሰብ ከአንድ ዓመት በፊት በብሪስቶል ከተማ ለራልፍ ፒር ዘፍኖ የታወቀ ሲሆን፣ ለአዳዲስ ሸክላዎች ዘፈን ያስፈልገው ነበር። ሁለቱ ሰዎች በየተራራውና በየመንደሩ እየዞሩ ዘፈን ይሰበስቡ ጀመር። ካርተር ግጥሙን በወረቀት ይጽፋል፤ ሪድል ዜማውን በአእምሮው ይይዛል። ከጉዞው ሲመለሱም ሪድል የያዘውን ዜማ ለቤተሰቡ ያስጠናል። ሜይቤል ካርተርም አጨዋወቱን በቅርብ እያየች ተምራለች። የሜይቤል የጊታር ስልት ዛሬ በየትምህርት ቤቱ የሚሰጥ ትምህርት ሆኗል።

በዚህ የሥራ ክፍፍል ውስጥ የነገሩ ቍልፍ ይገኛል። ወረቀቱ በመዝገብ ቤት የሚቀርብ፣ ባለቤትነት የሚሰጥና ገንዘብ የሚያስገኝ ነው። ራልፍ ፒር በብሪስቶል ለአንድ ዘፈን 50 ዶላር ይከፍል ነበር፤ ከዚህ ሌላ ዘፈኖቹን በማስመዝገብ ዘላቂ ጥቅም ያገኝ ነበር። በአእምሮ የተያዘ ዜማ ግን ባለቤት የለውም ተብሎ ይታሰባል። ሪድል በ1942 ወደ ሮቸስተር ከተማ ሄዶ በድብቅ ኖረ ለማለት ይቻላል። በ1965 ማይክ ሲገር በሜይቤል ጠቋሚነት አግኝቶ ባይቀርጸው ኖሮ ድምፁ ለትውልድ ባልተረፈም ነበር። የተቀረጸው ሥራ በሸክላ ኩባንያ የወጣው በ1993 ነው፤ ያን ጊዜ ሪድል በሕይወት አልነበረም።

ሦስተኛው «ቲ ቶት» በሚለው ቅጽል የሚታወቀው ሩፈስ ፔይን ነው። ይህ የአላባማ የመንገድ ሙዚቀኛ ሀንክ ዊልያምስን ገና በልጅነቱ ያስተማረ ሰው ነበር። ዊልያምስ የሙዚቃ ትምህርቱን ሁሉ ከእርሱ እንዳገኘ መስክሯል። ደቀ መዝሙሩ በ1961 በተቋቋመው የክብር አዳራሽ ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ተሸላሚዎች አንዱ ሲሆን፣ በ1939 የሞተው መምህር የተቀበረበት ቦታ እንኳ ምልክት አልነበረውም።

በሩ የተከፈተበት አኳኋን

የሲሶ አራሽ ልጅ የነበረው የሚሲሲፒው ቻርሊ ፕራይድ በ1966 የመጀመሪያ ሸክላዎቹ ሲወጡ ኩባንያው ፎቶግራፉን ለራዲዮ ጣቢያዎች አልላከም። ሕዝቡ በቅድሚያ ድምፁን እንዲወድ፣ መልኩን በኋላ እንዲያይ ታስቦ ነበር። በመጀመሪያው ታላቅ ኮንሰርቱ በዲትሮይት ከተማ ወደ መድረክ ሲወጣ የጀመረው ጭብጨባ በድንገት እንደ ተቋረጠ ራሱ አውስቷል። በቀልድ ጀምሮ ዘፈኑን ሲቀጥል ግን አዳራሹ እንደገና በጭብጨባ ተናጋ። በ1967 በኦፕሪው መድረክ ዘፈነ፤ ከቤይሊ በኋላ የመጀመሪያው ጥቁር መሆኑ ነበር። በ1971 የካንትሪ ሙዚቃ ማኅበር የዓመቱ ምርጥ ባለሙያ አደረገው። በ1969 ደግሞ ሊንዳ ማርተል በኦፕሪው የዘፈነች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሆነች፤ በ1970 አንድ አልበም አወጣች። ከዚያ በኋላ በሩ በዝግታ ተዘጋባትና ወደ ትውልድ ቦታዋ ወደ ደቡብ ካሮላይና ተመለሰች፤ የትምህርት ቤት አውቶቡስ እየነዳች የኖረችበትም ጊዜ ነበር። ከሁለቱ ታሪክ የሚታየው፣ በር ለአንድ ሰው መከፈቱና ለሁሉ መከፈቱ የተለያዩ ጉዳዮች መሆናቸውን ነው።

የሐሙስ ማታው ትምህርትና የደርሃም ኮንሰርት

በ2005 በሰሜን ካሮላይና በቡን ከተማ የጥቁር ባንጆ ተጫዋቾች ጉባኤ ተደረገ። በዚያ የተገናኙት ወጣቶች፣ ሪያነን ጊደንስ፣ ዶም ፍሌመንስና ጀስቲን ሮቢንሰን፣ በሚባን ከተማ የሚኖረውን የቫዮሊን ተጫዋች ጆ ቶምሰንን አወቁ። ቶምሰን በ1918 የተወለደ፣ የቤተሰቡን የጭፈራ ሙዚቃ ሳያቋርጥ የያዘ ሽማግሌ ነበር። ወጣቶቹ ሐሙስ ሐሙስ ማታ ከቤቱ እየተገኙ ከአጠገቡ ተቀምጠው ተማሩ። ኖታ አልነበረም፤ ሽማግሌው ይጫወታል፣ እነርሱ ይከተሉታል። ከዚህ ትምህርት «ካሮላይና ቾኮሌት ድሮፕስ» የተባለው ጓድ ተወለደ። ጓዱ በ2010 ያወጣው አልበም በ2011 የግራሚ ሽልማት አገኘ። ቶምሰን በ2012 ሲሞት ሙዚቃው ወራሽ ነበረው። ከቤይሊና ከሪድል ታሪክ የእርሱን የሚለየው ይህ ነው፤ ተማሪዎቹ በሕይወት ሳለ ደረሱለት፤ በየመድረኩም ስሙን ጠሩ።

ጊደንስ ከጓዱ ከተለየች በኋላም ይህን ሥራ አላቋረጠችም። በ2023 ከማይክል ኤቤልስ ጋር በጻፈችው ኦፔራ የፑሊትዘር ሽልማት ተቀበለች። ቢዮንሴ በ2024 ባወጣችው የካንትሪ አልበም ውስጥ ከገነኑት ዘፈኖች በአንዱ ባንጆውን የተጫወተችው ጊደንስ ነበረች፤ ሊንዳ ማርተልም በዚሁ አልበም ድምፅዋ ተሰምቷል። ከኦፕሪው መድረክ ከወረደች ከግማሽ መቶ ዓመት በላይ ቆይታ ስሟ ለአዲሱ ትውልድ ደረሰ።

በኤፕሪል 2025 ጊደንስ በደርሃም ከተማ «ቢስኪትስ ኤንድ ባንጆስ» የተባለ የሙዚቃ በዓል አዘጋጀች። የተበተነው ጓድም በዚያ መድረክ እንደገና ተሰበሰበ። ይህን ኮንሰርት የጠበቀው ሕዝብ አጠባበቁ በ1930ዎቹ በባትሪ ራዲዮ ዙሪያ ከተሰበሰበው ሕዝብ የተለየ ነበር። የያኔው አድማጭ የማያውቀውን ሰው ድምፅ ይጠብቅ ነበር። የደርሃሙ አድማጭ ግን የሚጠብቃቸውን ባለሙያዎች በስም ያውቃል፤ መልካቸውን ያውቃል፤ ዜማውን ከማን እንደተቀበሉትም ያውቃል። አንድን ኮንሰርት በናፍቆት መጠበቅ ተራ የመዝናናት ጉዳይ መስሎ ሊታይ ይችላል። ነገር ግን ባለሙያው በሕይወት ሳለ ስሙን ጠርቶ፣ ዋጋውን ከፍሎ፣ ቀኑን ቈጥሮ መጠበቅ ለጠቢብ ከሚሰጡ ክብሮች ሁሉ ቀዳሚው ነው። ከሞት በኋላ የሚሰጥ የክብር አዳራሽ ይህን አይተካም።

የካንትሪ ሙዚቃ ታሪክ ለኢትዮጵያ አንባቢም የሚነግረው ነገር አለ። የኢትዮጵያ አዝማሪ በየሠርጉና በየድግሱ ሳይጠራ የማይቀር፣ ያለ እርሱ ግብዣ የማይሞቅ ሰው ሆኖ ሳለ፣ «አዝማሪ» የሚለው ቃል ራሱ እንደ ስድብ ሲያገለግል ኖሯል። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በጀርመን አገር ሸክላ ለማስቀረጽ ስለበቁ ድምፃቸው ዛሬም ይሰማል። በዘመናቸው በየአገሩ ማሲንቆ ይዘው የዞሩት፣ ሸክላ ያልደረሰላቸው ጠቢባን ግን ስንት እንደነበሩ የሚነግር መዝገብ የለም። የቤይሊ ታሪክ የተረፈው አንድ ወጣት መቅረጫ ይዞ ከሽማግሌው ቤት ስለሄደ ነው። የቶምሰን ዜማ የተረፈው ሦስት ተማሪዎች ሐሙስ ማታ ከደጁ ስላልጠፉ ነው። ሁለቱም ሥራዎች ታላቅ ተቋም ወይም ብዙ ገንዘብ አልጠየቁም። የጠየቁት መምህሩ ወይም አርቲስቱ በአካባቢው ያለውን ሽማግሌ ፈልጎ እንዲያገኝ፣ እንዲያዳምጥና የተማረውን ሲያሰማ ከማን እንደተማረ እንዲናገር ብቻ ነው። ይህ ሲሆን፣ ዘፈኑ በተነሣ ቍጥር የባለቤቱም ስም አብሮ ይነሣል።